ሽማግሌ የተላከላት ሚሌቼንቶ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ብርጭቆ ሻይ በሰላም ጠጥቼ አላውቅም። ያየኝ ሁሉ «ደምሴ፣ እስቲ የመኪናዋን ነገር ንገረን» እያለ ወንበር ይስባል። እኔም ስተርክ ሻዬ ይቀዘቅዛል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ማውራት ምን ያህል ማውራት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል። ካዛንቺስን አይታችሁ የማታውቁ፣ ለማየትም ሐሳብ የሌላችሁ የሰፈሬ ሰዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ለማያውቀን ሰው ትንሽ ልበል። አምስት ጓደኛሞች ነን። በንጉሡ ዘመን በዚህ አገር የመኪና ውድድር እንደነበረ፣ አባቶቻችን መንገድ ዳር ቆመው አቧራ እየቃሙ ያጨበጭቡ እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኛ ያ ዘመን ተረስቶ እንዳይቀር ብለን አንድ አሮጌ የጥጥ መጋዘን ይዘን የውድድር መኪኖች እንሰበስባለን። «እንሰበስባለን» ስል ትልቅ አፍ ነው፤ ያሉን ሦስት ናቸው። ከሦስቱ የምንኮራበት ቀዩ ሚሌቼንቶ ነው። ሚሌቼንቶ ለማያውቅ ልጅ፣ ጣሊያኖች ያመጧት፣ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ያለች የድሮ የቤት መኪና ናት፤ በደጉ ጊዜ በሯ ላይ ቁጥር ተጽፎ ይሮጡባት ነበር። የእኛ ቀዩ ሁሉ ነገር አለው፣ ሞተር ብቻ የለውም። ኮፈኑን፣ ማለትም የሞተሩን ክዳን፣ ስትከፍቱ የምታዩት ወለሉን ነው። ሞተሩ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። እንግዳ ሲመጣ ኮፈኑን ላለመክፈት ተማምለናል።

ከአምስታችን አንዱ ጀማል ነው። ሜካኒክ ነው፣ አባቱም ሜካኒክ ነበሩ፣ አንድ የጭነት መኪናም አለው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ደላላ ደወለለት። «ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ የውድድር ሚሌቼንቶ ተሸፍና ቆማለች። ሯጩ ሞቷል፣ ሚስትየው ብቻቸውን ናቸው። ሰፈሩ ለልማት ሰኞ ይፈርሳል፤ ቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች በሩን ሊሰብሩት ነው» አለው። ጀማል ይህን ሲነግረኝ ሱቄን ዘግቼ ነበር የሰማሁት፤ ማለቴ፣ ንግግሩን ሳይጨርስ ዘግቼዋለሁ።

ማክሰኞ

ጀማል «ባዶዬን አዲስ አበባ አልወጣም» ብሎ ሲሚንቶ ጫነ። የጋቢናው የኋላ መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ነፋሱ ከተቀደዱት ከረጢቶች ሲሚንቶውን እያነሣ ማጅራታችን ላይ ያራግፈው ጀመር። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆመን ድሬዳዋን ቁልቁል አየናት። እኔ ከከተማዬ ስርቅ ሆዴ ይባባል። ጀማል «አቦ ደምሴ፣ መኪና ልናመጣ ነው እንጂ ሐጅ አይደለም የምንሄደው» ብሎ አባረረኝ።

ጭሮ ላይ ሽሮ በላን። እኔ ክርስቲያን፣ እሱ ሙስሊም ስለሆንን ሥጋ ቀርቦልን አብረን በልተን አናውቅም፤ የልጅነት ጓደኝነታችን ሙሉ በሙሉ በሽሮ ላይ የቆመ ነው። የጭሮው ሽሮ ጥሩ ነበር፣ የድሬዳዋው ግን ቃሪያው ይበልጣል።

አዋሽ ላይ አደርን። የማደሪያው ባለቤት ክፍል ውስጥ ብንተኛ በሙቀት እንደምንቀቀል ነግረውን አልጋችንን ግቢው ውስጥ አወጡልን። ፊታችንን ሲያዩ «ወፍጮ ቤት ነው የምትሠሩት ልጆቼ?» ብለው ጠየቁን። ጀማል ማስረዳቱ ደክሞት «አዎ» አላቸው። ሴትዮዋ አዘኑልን፤ ጠዋት ስንነሣ «አቧራውን ከደረታችሁ ያጥብላችኋል» ብለው በየኩባያው ወተት አቀረቡልን። ዕለቱ ረቡዕ፣ ጾም መሆኑ ትዝ ያለኝ ኩባያውን ከገለበጥኩት በኋላ ነው።

ረቡዕ

አዲስ አበባ ስንገባ ብርዱ ተቀበለን። እኛ ጋ ብርድ ማለት ሰው አንሶላ የሚደርብበት ሌሊት ነው፤ እዚህ በጠራራ ፀሐይ ኮት ይለብሳሉ። ሲሚንቶውን ሜክሲኮ አካባቢ አራገፍን፣ የጭነት መኪናውንም እዚያው አቆምነውና በታክሲ ሄድን። ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ሲሮጥ ካያችሁ ወይ ሰርቋል ወይ ተሰርቋል፤ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ግን ሁሉም ይሮጣል፣ ማንም «ምን ሆነህ ነው?» አይለውም። ወያላው «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያለ እኛን ሲያይ ዝም አለ። ከዚያ «እናንተ ከኋላ ግቡ፣ ሰው እንዳትነኩ» አለን።

ካዛንቺስ ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ ፈርሷል። በመስታወት የተሸፈነ ሆቴል ጎን ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ጎን ቡና ቤት፣ ከቡና ቤቱ ጎን የፍርስራሽ ክምር አለ። ደላላው የነገረን ግቢ ጋ ደርሰን አንኳኳን። አንዲት ቀጥ ያሉ ባልቴት በሩን ከፈቱ፣ ከእግር እስከ ራሳችን በነጭ አቧራ የተለወስነውን ሁለት ሰዎች አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሰኞ አላላችሁም? በረቡዕ ምን አመጣችሁ!» ብለው በሩን ጠረቀሙብን።

ከበሩ አጠገብ ካለች የሴቶች ፀጉር ቤት አንዲት ወጣት በሳቅ እየፈረሰች ወጣች። ዘቢባ ትባላለች፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ናት። «አፍራሾች መስላችኋቸው እኮ ነው! በቃ፣ እንዲህ ሆናችሁ የትም እንዳትገቡ» አለችና ጋሽ ወልዴ ዘንድ ወሰደችን። ጋሽ ወልዴ የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው፤ አንዲት ምግብ ቤትና ከጓሮዋ ሁለት የአልጋ ክፍል አላቸው። ስማችንን ሳይጠይቁ ሁለት ባልዲ ሙቅ ውኃ አስቀረቡልን። የመጀመሪያው ባልዲ ወደ ግንበኛ ሲሚንቶ ቡኬት ሊለወጥ ትንሽ ነው የቀረው። ጋሽ ወልዴ በበሩ ቀዳዳ እያዩ «ከአቧራው ሥር ሰው አለ! ሰው አለ!» እያሉ ይስቁ ነበር።

ሐሙስ

ታጥበን፣ ሸሚዝ ቀይረን ተመለስን። ባልቴቷ፣ ወይዘሮ በላይነሽ ይባላሉ፣ የትናንቱን ይቅርታ ጠይቀው አስገቡን። ግቢው ጠባብ ነው። በስተመጨረሻው፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ አቡጀዲ የተከናነበች ነገር ቆማለች። ከጨርቁ ጠርዝ በታች ያለው ጎማ ብቻ ይታያል፣ እሱም ትንፋሽ የለውም።

ጀማል ራሱን መግዛት አቃተው። «ወላሂ እሷ ናት! አንቺ፣ እስቲ ጨርቁን ግለጪልን» አላቸው።

እኛ ድሬዎች ታላቅንም ታናሽንም «አንተ» «አንቺ» ማለታችን ፍቅር እንጂ ንቀት አይደለም፤ ካዛንቺስ ግን ይህን አያውቅም። ወይዘሮ በላይነሽ ጀማልን አንድ ጊዜ አዩት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይሄ ልጅ አሳዳጊ አልነበረውም?» አሉ። ጀማል ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «እርስዎ» እያለ ሲናገር የግቢውን ድመት ሳይቀር እርስዎ ማለት ጀመረ።

ጉዳያችንን አስረዳሁ። መጋዘናችንን፣ ቀዩን፣ የአባቶቻችንን አቧራ ሁሉ አወራሁ።

«ስሟ እቴ ሸጋ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ለታደሰ ተድሬ እዚህ ቤት ስገባ እሷ ቀድማኝ ነበረች። ሙሽራ የባሏን ዘመዶች ስም አታወጣም? ለእሷም አወጣሁላት፤ የባሌ እህት ናት አልኩ። እሱ ይሮጥባታል፣ እኔ አጥባታለሁ። ቆራሌዎቹ መጥተው ሲመዝኗት ነበር፣ በመጥረጊያ ነው ያባረርኳቸው። እናንተ ደግሞ ያለ ሽማግሌ፣ ባዶ እጃችሁን፣ ‹ግለጪልን› ትላላችሁ። የሰው ልጅ ብትሆን እንዲህ ትደፍሩ ነበር? ለማላውቀው ባዕድ አልሰጥም።»

«ሰኞ ይፈርሳል እኮ» አልኩ።

«ሽማግሌ ላኩ» አሉና ተነሡ። ሽምግልናው እስኪያልቅ ድረስ ከቤታቸው ውኃ እንኳ እንደማንቀምስ፣ ጨርቁም እንደማይገለጥ ጨመሩ። ስንወጣ ሌላው ጣጣ ታየኝ። የግቢው ዋና በር ግማሹ የለም፤ ባልየው ከሞቱ በኋላ ሴትዮዋ ሰፊውን በር ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለዘቢባ ፀጉር ቤት አከራይተዋል። ካዛንቺስ ውስጥ ባዶ ቦታ ማለት ገና ያልተከራየ ክፍል ማለት ነው። እቴ ሸጋ ብትፈቀድልን እንኳ የምትወጣው በፀጉር ቤቱ መካከል ነበር።

ዓርብ

ጋሽ ወልዴን ሽማግሌ እንዲሆኑልን ስንለምናቸው ይስቃሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ጭራሽ አልሳቁም። «ሙሽራው ማን ነው?» አሉ። ቀዩን ነገርኳቸው። «ሥራ አለው?» አሉ። ጀማል «ለጊዜው የለውም፣ ቆሟል» ብሎ መለሰ። ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ጨምረው፣ ጋቢ ደርበው፣ ምርኩዝ ይዘው ሄዱ። እኔና ጀማል ዘቢባ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ጆሯችንን ከግቢው ጋር የሚያዋስነው ቆርቆሮ ላይ ለጥፈን ቆምን። ከኋላችን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡት ሁለት ደንበኞች የጋለውን ባርኔጣ አውልቀው እነሱም ለጠፉ።

«ቤቶች! ደህና ዋላችሁ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው።»

«ልጃችሁ የማን ልጅ ነው?»

«የድሬዳዋ ነው። ቀይ ነው፣ መልከ መልካም ነው። ጠጪ አይደለም።»

አንዷ ደንበኛ «ጠጪ አይደለም ነው ያሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሞተር የሌለው መኪና ጠብታ ቤንዚን እንደማይቀምስ አሰብኩና «አንድ ጠብታ እንኳ!» አልኳት።

ወይዘሮ በላይነሽ «ዘመድ አዝማድ ላማክር፤ ነገ ተመለሱ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ንዴቴ ጣራ ነክቷል። «ነገ ቅዳሜ ነው! ዘመድ አዝማድ የት አለ? ሴትዮዋ ብቻቸውን ናቸው!» አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይንቦገቦጋል። «ወይ ደምሴ! በመጀመሪያው ቀን እሺ የተባለ ሽማግሌ አይተህ ታውቃለህ? ዛሬ ቢሰጡን ነበር የሚያሳፍረው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!» አሉኝ።

ማታ ዘቢባ ክዳን ያለው ሳህን ይዛ መጣች። ተልባ ፍትፍት፣ ጎመን፣ ሰላጣ፤ ያለቀለት የጾም ምግብ ነው። «ከማን ነው?» አልናት። «ማለቴ፣ እኔ ምን አውቄ፣ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት» አለች። ሳህኑ ግን ወይዘሮ በላይነሽ ቤት መደርደሪያ ላይ ያየሁት አበባማ ሳህን ነው። ጎመኑን የእናቴ ጎመን አያህልም ብዬ ለመጻፍ ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያህላል።

ቅዳሜ

ጠዋት እኛም ተጠራን። ወይዘሮ በላይነሽ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ሁሉንም ሰው ቦታ ቦታ አስይዘው «እንግዲህ ዘር ይቆጠር። እስከ ሰባት ቤት ካልተቆጠረ አልሰጥም» አሉ። ጋሽ ወልዴ «ደንብ ነው» አሉ፣ በሙሉ ልባቸው።

እኔ የቀዩን ዘር ቆጠርኩ። መጀመሪያ የጣሊያን መንገድ ሠሪ፣ ከእሱ አንድ አርመን ጫማ ሰፊ፣ ከእሱ ሙሴ ኮስታ የሚባል ግሪክ ነጋዴ (ድሬ ላይ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» ነው)፤ ይሄ ሙሴ ነው ቀይ ቀብቶ የሮጠበት። አንድ ውድድር ላይ ተገልብጦ ጎኑ ተጨራመተ። ሙሴው አገር ለቆ ሲሄድ ለዘበኛው ተወለት፤ ዘበኛው የዶሮ ቤት አደረገው፤ ከዶሮዎቹ እኛ ወሰድነው። ዶሮዎቹንም አንድ ቤት ብለን ቆጠርናቸው።

ወይዘሮ በላይነሽ የእቴ ሸጋን ቆጠሩ። ጣሊያን ሐኪም፣ የመድኃኒት ነጋዴ፣ የአንድ ባላባት ልጅ፣ ከዚያ ባለቤታቸው ጋሽ ታደሰ። ሽማግሌዎቹ በጣታቸው እየቆጠሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰባት ቤት ባይሞላም ምንም የተገናኘ የለም። እኔ በሆዴ አለቀ ብያለሁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ይሄ ሥጋዋ ነው። ሞተሯስ? አብሯት የተወለደ ነው?» አሉ።

«አይደለም» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። «የእሷ ሞተር አዋሽ መንገድ ላይ ውድድር ሲሮጡ ፈንድቶ ቀረ። በዚያው ዕለት ሌላ ሯጭ ተገልብጦ ኖሮ፣ መኪናው ሲጨራመት ሞተሩ ደህና ነበር። ታደሰ እንዳጫወተኝ፣ ሁለቱም መንገድ ላይ ቁጭ ብለው መጀመሪያ ተላቀሱ፣ ቀጥሎ ተሳሳቁ። ከዚያ ያኛው ሰው ‹ከሁለት የሞቱ አንድ የሚኖር ይውጣ› ብሎ ሞተሩን ለታደሰ ሰጠው። ነጭ ሰው ነው ይለኝ ነበር፤ ስሙን ዘነጋሁት።»

ጀማል ተነሥቶ ቆመ። «እትዬ፣ እርስዎ፣ ሞተሩ ጎን ላይ… ነሐስ የተበየደበት ጠባሳ አለ?» አለ። «ሙሴ ኮስታ ዘንድ ሜካኒክ ሆኖ የሠራው አባቴ ነበር። የተሰነጠቀውን ሞተር በነሐስ በየድኩት እያለ እስኪሞት አውርቶልናል፤ ሞተሩ የት እንደሄደ ግን እሱም አያውቅም ነበር።»

ወይዘሮ በላይነሽ ተነሡ። ሄደው አቡጀዲውን በሁለት እጃቸው ገለጡት። እቴ ሸጋ ክሬም ቀለም ናት፣ በሯ ላይ ቁጥር ሰባት አለ፤ ቅንጣት አቧራ የለባትም። ኮፈኑን ራሳቸው ከፈቱት። ጀማል አጎንብሶ በጣቱ ዳበሰ፣ እንደ ወርቅ የሚያበራ የስፌት ጠባሳ ነበር። «የአባቴ እጅ ነው» አለና መኪናዋ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት የፈለግነው ሞተር ዓይኔ ሥር መሆኑ ሲገባኝ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ። ዘቢባ ከፀጉር ቤቷ እልልታዋን ለቀቀችው።

«ቁሙ!» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ፊታቸው አመድ መስሏል። ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረው በሹክሹክታ ተማከሩ፣ ከዚያ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ዘመዳሞች ናቸው። የእሱ ልብ እሷ ውስጥ ነው ያለው። እያወቅሁ ዘመድ ከዘመድ አላጋባም፤ ጋብቻው አይሆንም።»

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ሦስቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው ለመውጣት ሲነሡ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ደሜ ፈላ። «ጋሽ ወልዴ! ብረት እኮ ናቸው!»

«ብረት ከሆኑማ ለምን ሽማግሌ ላካችሁን?» አሉኝ።

ከነገ ወዲያ ማለዳ ግሬደር ይመጣል፣ ሞተራችን ተገኝቷል፣ እቴ ሸጋ ተገልጣለች፣ እኛ ደግሞ በሥጋ ዝምድና ተከልክለናል። ጀማል ዓይኑን እየጠራረገ ከመሬት ቁጭ አለ። ወደ ወይዘሮ በላይነሽ ዞርኩ። እሳቸው ኮፈኑን ቀስ አድርገው እየዘጉ ነበር። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲዞሩ እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ።

«ወልዴ፣ ተቀመጥ» አሉ። «እኔ እምቢ ያልኩት ለባዕድ አልሰጥም ብዬ ነው። ማን ያስባታል፣ ማን በስሟ ይጠራታል ብዬ። ዘመድ ከሆኑማ ምን ሽማግሌ ያስፈልጋል? ሰው ዘመዱን ሊወስድ ሽማግሌ ይልካል? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ። ወንድሟ ጋ ትሂድ።»

ጋሽ ወልዴ ለአፍታ አሰቡበት፣ ሕጉ እንዳልተጣሰ አረጋገጡና ተቀመጡ። ሦስት ቀን ውኃ የከለከሉን ሴት የጓዳቸውን ሁሉ አወጡት። ለእኔ ዶሮ፣ ለጀማል ደግሞ ዘቢባ ከቤቷ ያመጣችው ምንቸት አብሽ ቀረበ። ተጎራረስን ማለት አልችልም፣ ግን ጎን ለጎን ሥጋ በላን፤ ለእኔና ለጀማል ይህም ታሪክ ነው።

ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ደወልኩ። ሦስቱ ጓደኞቻችን አንድ ስልክ ላይ ተጋፍተው «ሞተሩ ተገኘ! ቀዩ ሊነሣ ነው!» እያሉ ሲጮኹ ግቢው ሁሉ ሰማቸው። ወይዘሮ በላይነሽ ሳህን እያነሡ ነበር።

«አቶ ደምሴ፣ ሞተሩን ልትነቅሉባት ነው?» አሉኝ።

«ኧረ… ያው እናያለን እትዬ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሞተሩን ካየሁ ጀምሮ ቀዩ ሲያጓራ ይሰማኝ ነበር። ወይዘሮ በላይነሽ ሳህኖቹን ይዘው ገቡ።

እሑድ

ዘቢባ መስታወቶቿን፣ ካስኮቿን፣ ወንበሮቿን አወጣች፤ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት ግን አስቀረች። «የመጨረሻ ደንበኛ አለችኝ» አለች። ወይዘሮ በላይነሽን አስቀምጣ ፀጉራቸውን ሹሩባ ሠራቻቸው። «ፀጉር ቤትሽስ?» አልኳት። «ኡራኤል ጋ አንዲት ክፍል አግኝቻለሁ። እዚያ ደግሞ ፕሊስ መኪና እንዳታመጡብኝ» ብላ ሳቀች። ከዚያ የእድሩ ጎልማሶች የፊቱንም የኋላውንም ቆርቆሮ ነቀሉት።

ጀማል ሌሊቱን በሙሉ ካርቡራቶሩን አጥቧል፣ የእሳት መጫሪያውን ካንዴላ ቀይሯል፣ ጎማ ነፍቷል፣ የጭነት መኪናውን ኡራኤል አቁሞ ባትሪውን አምጥቶ አስሯል። ወይዘሮ በላይነሽ ከጎኑ ገብተው ተቀመጡ። «ታደሰ ሴት አሳፍሮባት አያውቅም፤ ክብደት ይጨምራል ይል ነበር» አሉ። ጀማል አስነሣ። እቴ ሸጋ አስነጠሰች፣ ዝም አለች፣ እንደገና አስነጠሰች፣ ከዚያ «ጧ!» ብላ ሰፈሩን አደባለቀችው። ጢሱ ፀጉር ቤቱን ሞላው። ጢሱን ሰንጥቃ፣ የሻምፖ ጠርሙስ እየጨፈለቀች፣ ካዛንቺስ ጎዳና ላይ ብቅ አለች።

የምንጭናት ኡራኤል አካባቢ ከሚሠራ ሕንፃ ጎን ነበር፤ እዚያ የአፈር ከፍታ አለ፣ የጭነት መኪናው ጀርባውን ሲሰጠው እኩል ይሆናል። መንገዱ ላይ ሚኒባሶቹ ቆመውልን በጡሩምባ አጀቡን። ኡራኤል ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ደከማትና ቆመች። ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ ነበር። ነጠላ የለበሱ ሴቶች ሹሩባ የተሠሩ ባልቴት አሮጌ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሰው ሲገፋቸው አይተው ሰርግ መሰላቸው፤ እልልታቸውን አቀለጡት። ወይዘሮ በላይነሽም እጃቸውን እያውለበለቡ ምርቃቱን ተቀበሉ። ጋሽ ወልዴ ከኋላ እየገፉ «ሰርግ አይደለም! ዘመድ ጥየቃ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ።

ጭነን፣ አስረን፣ ልንሰናበት ስንዞር ወይዘሮ በላይነሽ የሉም። ጋቢናው ውስጥ፣ መካከለኛው ወንበር ላይ፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። የቤት ዕቃቸው ወደ ምትክ ቤታቸው ቀድሞ ሄዷል።

«ወንድሟን ሳላይ አላስረክብም» አሉ። ጀማል እኔን አየኝ፣ እኔ ጀማልን አየሁት። ተጠጋግተን ገባን።

ሰኞ

አዋሽ አድረን ጠዋት ሚኤሶ ላይ ሻይ ጠጣን። ሻይ ሻጯ «አንቺ፣ ስኳር ልጨምርልሽ?» ስትላቸው ጀማል ዓይኑን ጨፈነ፤ እሳቸው ግን «ይበቃኛል ልጄ» አሉ። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩና «አሁን ጀምረው ይሆናል» አሉ። ቀጥሎ «የእኔ ሻይ ስኳሩ በዝቷል» አሉ። ደንገጎን ስንወርድ ሙቀቱ ገባ፤ ነጠላቸውን፣ ከዚያ ሹራባቸውን፣ ከዚያ ካልሲያቸውን አወለቁ። «ይሄ ምድጃ ነው እንጂ አገር ነው?» ሲሉ አልተቀየምኩም።

መጋዘኑ ስንደርስ ሦስቱ ጓደኞቻችን ቆመው ይጠብቁናል። ቀዩን አጥበው፣ ወልውለው፣ ኮፈኑን እስከ መጨረሻው ከፍተውታል። ከሥሩ ጆንያ ዘርግተው መፍቻውን፣ ካቻቢቴውን፣ ክሪኩን በተርታ ደርድረዋል። ሞተር ማንሻ ሰንሰለት ጣራው ላይ ታስሯል። አንዱ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ያፋትጋል።

ወይዘሮ በላይነሽ ቀስ ብለው ወረዱ። ሰንሰለቱን አዩ፣ መፍቻዎቹን አዩ። ወደ ቀዩ ሄደው ዙሪያውን ዞሩት፣ የተጨራመተውን ጎኑን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ባዶ ሆዱን ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

«ወንድምየው ይሄ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ» አልኩ።

«ደህና ልጅ ነው» አሉ። «ዝጉለት እንጂ ታዲያ። እህቱ ስንት አገር አቋርጣ መጥታ፣ አፉን ከፍቶ ይቀበላታል እንዴ?»

ጀማል ሄዶ ኮፈኑን ዘጋው። እኔም ጎንበስ ብዬ መፍቻዎቹን ለቀምኩ።